ትኬት የሚቆርጠው ልጅና ፈቃድ የሚፈርመው ሹም

ይድረስ ለልጆቼ፤ የእኔ ለሆናችሁም ላልሆናችሁም፤

ሙያዬ ኦዲት ነው። ቁማር ኃጢአት መሆኑን የሚነግሯችሁ የሃይማኖት አባቶች አሏችሁ፤ እኔ የምችለው ሒሳቡን ማሳየት ስለሆነ እሱን ልጻፍላችሁ። ሒሳቡ ሁለት ቦታ ተጽፎ ይገኛል። አንዱ እጃችሁ ላይ ባለው ትኬት ላይ ነው፤ ሌላው የቁማር ቤት ፈቃድ በሚፈርመው ሹም ጠረጴዛ ላይ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ “ዕድሌ ነው” ይላል፣ ሁለተኛውን ሲሰማ ደግሞ “ፖለቲካ ነው” ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ግን አንድ መዝገብ ናቸው። ፈቃዱን ያን ያህል ውድ የሚያደርገው ከትኬቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ካላመለከትኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከትኬቱ ልጀምር። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ለተያዘ እያንዳንዱ ብር ባለሜዳው ካሸነፈ 2.40፣ አቻ ከወጡ 3.10፣ እንግዳው ካሸነፈ 2.80 ይከፈላል ተብሎ ተጽፏል እንበል። ስልካችሁን አውጡና 1ን ለሦስቱም ቁጥሮች በየተራ አካፍሉ። 0.417፣ 0.323 እና 0.357 ታገኛላችሁ። ሲደመር 1.097 ነው። ቤቱ ለራሱ ምንም ባይወስድ ኖሮ ድምሩ ልክ 1 ይሆን ነበር። አሁን ደግሞ 1ን ለ1.097 አካፍሉ፤ 0.91 ይመጣል። ከተወራረደው 100 ብር ለተወራራጆች የሚመለሰው 91 ብር ገደማ ነው ማለት ነው፤ 9 ብሩ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ የቤቱ ነው። ይህን ስሌት የሚደብቅ ሰው የለም። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ተጽፈዋል፤ የሚደምራቸው ነው የጠፋው።

አንድ ጨዋታ ብቻ መርጦ የሚያስይዝ ወጣት ግን እምብዛም የለም። የሚያጓጓው ሰባት ስምንት ጨዋታ ተደርድሮ በ20 ብር 5,000 ብር የሚያሳየው ትኬት ነው። ጨዋታዎቹ ሲደረደሩ ኦዱ፣ ማለትም ያ የክፍያ ቁጥር፣ እርስ በርሱ ይባዛል፤ ከኦዱ ጋር የቤቱ ድርሻም ይባዛል። 0.91ን በራሱ ስምንት ጊዜ አባዙት፤ 0.47 ነው። በአንድ ጨዋታ 9 ብር ይወስድ የነበረ ቤት በስምንት ጨዋታ ከ100 ብር ውስጥ 53 ብር ይወስዳል። ለዚህ ነው ማስታወቂያው ሁልጊዜ ረጅሙን ትኬት የሚያሞግሰው፣ ጨዋታ በጨመራችሁ ቁጥር “ቦነስ” የሚሰጣችሁም ለዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ ከቤቲንግ ቤት ደጃፍ የማይጠፋውን አንድ ቅሬታ እንመርምር፦ “አንድ ጨዋታ አበላሸብኝ!” ይህን ያለ ልጅ ሊሳካለት ጥቂት እንደቀረው ያምናል፤ ስለዚህ በማግስቱ ይመለሳል። እስቲ እርግጠኛ የሚባሉ ስምንት ቡድኖች መርጧል እንበል፤ እያንዳንዳቸው ከ100 ጊዜ 70ውን የሚያሸንፉ። ስምንቱም አብረው የመግባት ዕድላቸው 0.7 ስምንት ጊዜ ተባዝቶ 0.058 ነው፤ ከ100 ትኬት ስድስት ያህሉ። ሰባቱ ገብተው አንዱ ብቻ የሚያበላሽበት ዕድል ግን ከ100 ትኬት ወደ 20 ይጠጋል። ልብ በሉ፤ በአንድ ጨዋታ መበላት ከማሸነፍ ከሦስት እጥፍ በላይ ይደጋገማል። “ለጥቂት ሳተኝ” የሚለው ስሜት የመቃረብ ምልክት አይደለም። ረጅም ትኬት ሲሠራ እንዲያ ነው የሚያወጣው፤ ቀን ከሌት የሚያወጣውም እሱን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ሌላ ቁጥር ጨምሩበት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ የ15 በመቶ ግብር ተደንግጎ ነበር። በዚያ ስሌት ቀኑ ሰምሮለት 5,000 ብር የደረሰው ልጅ 750ው ይቆረጥበት ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የተበላውን ግን ማንም አያስብለትም።

የጠፋውን ለማስመለስ ብሩን በእጥፍ እያሳደጉ ማስያዝ የሚባል ነገር አለ፤ ብዙዎቻችሁ ዘዴ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። 50 ብር ተበላ፣ 100 ይያዝ፤ እሱም ተበላ፣ 200፤ ከዚያ 400፣ 800፣ 1,600፣ 3,200። ሰባት ጊዜ በተከታታይ የተበላ ሰው 6,350 ብር ከኪሱ ወጥቷል፤ ስምንተኛው ላይ 6,400 ብር ያስፈልገዋል። ያን ሁሉ አስይዞ ቢያሸንፍ የሚያተርፈው የመጀመሪያዋን 50 ብር ነው። ዕድሉ እኩል በእኩል ቢሆን እንኳ ሰባት ጊዜ በተከታታይ መበላት ከ128 ሙከራ አንዴ ይመጣል። በቀን አሥር ጊዜ የሚሞክር ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርስበታል ብሎ መጠበቅ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው በቁጥር ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ካዚኖ ውስጥ ስትገቡ ሒሳቡ ያው ነው፤ ፍጥነቱ ነው የሚለየው። ሩሌት ላይ፣ ኳሷ የምታርፍበት ቁጥር በሚገመትበት ጨዋታ፣ የአውሮፓው መዘውር 37 ቁጥር፣ የአሜሪካው 38 ቁጥር አለው። አሜሪካው ላይ በእያንዳንዱ ቁጥር አንዳንድ ዶላር ብታስቀምጡ 38 ዶላር አውጥታችሁ የሚመለስላችሁ 36 ነው፤ ሁለቱ የቤቱ ናቸው፣ 5.26 በመቶ። ከሩሌቱ ይልቅ ግን መፍራት ያለባችሁ ማሽኑን ነው። ስሎት ማሽን፣ ቁልፍ ሲጫኑት ምስሎች የሚሽከረከሩበት የቁማር ማሽን፣ ፊት የተቀመጠ ሰው በሰዓት 600 ጊዜ ቁልፍ መጫን አያቅተውም። በአንድ ጊዜ 1 ዶላር ቢያስይዝና ማሽኑ ከ100 ዶላር 90 የሚመልስ ቢሆን፣ በአማካይ በሰዓት 60 ዶላር ይበላል። “90 በመቶ ይመልሳል” የሚለው ጽሑፍ ከያዛችሁት ገንዘብ 90 በመቶው ኪሳችሁ ይቀራል ማለት አይደለም። የተመለሰው እንደገና ይገባል፤ ከእያንዳንዱ ዙር 10 በመቶ እየተሸረፈ መጨረሻ ላይ ምንም አይቀርም። ሕግ የሚያስገድደው ዝቅተኛ ተመላሽ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ በአሜሪካዎቹ ግዛቶች በኔቫዳ 75፣ በኒው ጀርሲ 83 በመቶ።

ማሽኑ ሲሠራ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አንድ ነገር ይገባችኋል። 1 ዶላር ተይዞ 30 ሳንቲም ሲመለስ ሙዚቃው ይዘፍናል፣ መብራቱ ይንቦገቦጋል። ሰውዬው 70 ሳንቲም ከስሯል፤ ጆሮውና ዓይኑ ግን አሸነፍክ ብለውታል። ስልካችሁ ላይ ያለችው፣ አውሮፕላኗ እየወጣች ድንገት የምትጠፋበት ጨዋታ፣ ከዚያው ዘር ናት። አንዱ ዙር በሰከንዶች ያልቃል፤ በእሱና በሚቀጥለው ዙር መካከል ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም። እግር ኳስ ቢያንስ 90 ደቂቃ ያስጠብቅ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚመጣው ከማን ነው? ካዚኖ ሒሳቡን የሚሞላው ለልደቱ ቀን መጥቶ 40 ዶላር ተበልቶ፣ ተሳስቆ በሚሄደው ሰው አይደለም። ገቢው የሚከማቸው ደጋግመው ከሚመጡ፣ መቆም ካቃታቸው ጥቂት ሰዎች ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የበሽታዎች መመደቢያ ቁማርን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። “በኃላፊነት ተጫወቱ” የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ስታዩ፣ ሁሉም ደንበኛ ምክሩን ቢሰማ ያ ቤት በሚቀጥለው ወር የሠራተኛ ደመወዝ መክፈል እንደሚከብደው አስታውሱ።

እንግዲህ ወደ ሹሙ ጠረጴዛ ልውሰዳችሁ።

የአሜሪካዋ ሉዊዚያና በ1991 በወንዝ መርከብ ላይ ካዚኖን በሕግ ስትፈቅድ የፈቃዱን ብዛት በ15 ወሰነች። ወሰኑ ለጥንቃቄ ይመስላል። ግን 16ኛ የሚባል ፈቃድ ስለሌለ እያንዳንዷ ወረቀት በአንድ ጀምበር በሚሊዮኖች የምትገመት ሆነች። ሸቀጡን የፈጠረው ሕጉ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ባለበት ሁሉ በፈራሚውና በአመልካቹ መካከል የሚቆም ሰው ይበቅላል።

ኤድዊን ኤድዋርድስ ያችን ግዛት አራት ጊዜ በአገረ ገዥነት የመራ ሰው ነው፤ የመጨረሻው ዘመኑ ያበቃው በ1996 ነው። እኛ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እንላለን፤ እሱ ግን ከተሻረም በኋላ ይበላ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ባለቤት የነበረው ኤዲ ዲባርቶሎ የመርከብ ካዚኖ ፈቃድ ፈልጎ በ1997 ለኤድዋርድስ 400,000 ዶላር በጥሬው ሰጠው። በዚያን ጊዜ ኤድዋርድስ ምንም ሥልጣን አልነበረውም። የነበረው የሚያውቃቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር ነው፤ ወንበር ላይ ያሉትን የሚያዝ ይመስል ነበር፣ መምሰሉም በቂ ነበር። በ2000 ዓቃቤ ሕግ ካቀረበበት 26 ክስ በ17ቱ ጥፋተኛ ተባለ፤ በተከታዩ ዓመት የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልጁም አብሮ ተፈርዶበታል። ዲባርቶሎ ወንጀሉን እያወቀ ባለማሳወቁ ጥፋተኛነቱን አምኖ ቡድኑን ከእጁ አጣ።

በጥሬው መስጠት የድሮ ዘዴ ነው። አሁን ሲመጣ በደረሰኝ ነው የሚመጣው፤ ሒሳብ የምትማሩ ልጆች ይህን በደንብ ያዙልኝ። ከፈቃዱ ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ስድስት ስድስት ወራት የኩባንያውን የወጪ መዝገብ ብትከፍቱ የምታገኙት “የማማከር አገልግሎት” የሚል አንድ መስመር ነው። ቁጥሩ ድፍን ይሆናል፤ 500,000 እንጂ 487,350 አይሆንም። ከደረሰኙ ጋር የተያያዘ የጥናት ሪፖርት የለም። አማካሪው ድርጅት የተቋቋመው ክፍያው ከመፈጸሙ ጥቂት ወራት በፊት ነው። አድራሻው የመኖሪያ ቤት ይሆናል፤ ባለአክሲዮኑ ደግሞ የአንድ ሰው አማች ነው። እነዚህን አንድ ላይ ካገኛችሁ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ጥያቄ መጻፍ ጀምሩ።

ጉቦ ሁልጊዜ ገንዘብ ሆኖ አይመጣም። ደቡብ ኮሪያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ተዘግቶ የተራቆተ ተራራማ አካባቢን ለማነቃቃት ብላ በ1995 ልዩ ሕግ አወጣች፤ የአገሬው ሰው ገብቶ መጫወት የሚችልበት ብቸኛው ካዚኖ፣ ካንግዎን ላንድ፣ በ2000 ተከፈተ። የሥራ ዕድል ይፈጠራል ተብሎ ነበር። ተፈጠረ፤ ግን ለማን? በ2012 እና በ2013 ከተቀጠሩት 518 ሰዎች እጅግ የሚበዙት በፖለቲከኛና በባለሥልጣን አማላጅነት ስማቸው አስቀድሞ የተያዘ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተገለጠ፤ የኩባንያው የቀድሞ ኃላፊም ተፈረደበት። በካዚኖው አጠገብ ባለችው ሳቡክ በምትባል ከተማ ደግሞ የተስፋፋው የመያዣ ብድር ቤት ነው፤ ሰዎች መኪናቸውን አስይዘው ይበደራሉ፣ ሳይመልሱ ይቀራሉ፣ መኪናው እዚያው አቧራ ይጠጣል። በጃፓን ደግሞ ካዚኖ የሚፈቅደውን ፖሊሲ በመንግሥት ውስጥ እንዲከታተል የተሾመው የፓርላማ አባል አኪሞቶ ጹካሳ፣ ገበያው ውስጥ መግባት ከሚፈልግ የቻይና ኩባንያ 7.6 ሚሊዮን የን ገደማ ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ በ2021 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 4 ዓመት ፈረደበት። በጃፓን አንድም ካዚኖ ገና አልተከፈተም ነበር። መደለሉ የጀመረው ከበሩ በፊት ነው።

“ገደብ ይደረግበታል” የሚለው ተስፋስ? ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት አዮዋ በ1991 የወንዝ መርከብ ካዚኖ ስትጀምር ሕጉ በጣም ጠንቃቃ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ዶላር በላይ ማስያዝ ክልክል፣ በአንድ ጉዞ ከ200 ዶላር በላይ መበላት ክልክል። ጎረቤት ግዛቶች ያለ ገደብ ሲከፍቱ መርከቦቹ ወደዚያ መሄድ ጀመሩ፤ በ1994 ሁለቱም ገደቦች ተነሡ። ሦስት ዓመት። ሉዊዚያናም መጀመሪያ መርከቦቹ ውሃ ላይ መጓዝ አለባቸው አለች፤ በ2001 ታስረው መቆም ቻሉ፣ ግብሩ ትንሽ ከፍ ተደረገ። በ2018 ደግሞ ከውሃው ወጥተው የብስ ላይ መሥራት ተፈቀደላቸው። “ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል” የሚባለው ለዚህ ነው። ግዛቲቱ በጀቷን አንዴ በቁማር ግብር ላይ ካቆመች በኋላ ከካዚኖው ጋር ስትደራደር እጇ አጭር ነው፤ ገቢው ሲቀንስ የምትጎዳው እሷም ናት።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ ልጆች የሜሪላንድን ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ ወይ እዚያ ትሠራላችሁ፣ ወይ ዘመድ አላችሁ፣ ወይ ቅዳሜ ማታ ሰው ታደርሳላችሁ። ሜሪላንድ ማሽኖቹን በ2008፣ የጠረጴዛ ጨዋታውን በ2012 በሕዝበ ውሳኔ ፈቀደች፤ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ ካዚኖ በታኅሣሥ 2016 ተከፈተ። ሕዝቡ “አዎ” ያለው ገንዘቡ ለትምህርት ይውላል ስለተባለ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ወደ ትምህርት ፈንድ ይገባ ነበር። ግን በአንድ በር ከካዚኖ ሲገባ በሌላ በር ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይመደብ የነበረው ወጥቶ ሌላ ቦታ ይውላል። አባት ለልጁ 1,000 ብር የትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር እንበል፤ አጎት 400 ሲጨምር አባት 600 ብቻ መስጠት ቢጀምር ልጁ ምን አተረፈ? መራጩ ይህን ተረድቶ የካዚኖው ገንዘብ በመደበኛው ላይ ተጨማሪ መሆን አለበት የሚል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያጸደቀው በ2018 ነው፤ ከመጀመሪያው ድምፅ አሥር ዓመት በኋላ።

መቆጣጠር አይቻልም እያልኩ አይደለም። ሲንጋፖር ካዚኖ ስትከፍት ዜጎቿንና ቋሚ ነዋሪዎቿን በቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር የመግቢያ ክፍያ ጠየቀች፤ በ2019 ወደ 150 አሳደገችው። ቤተሰብ አመልክቶ ዘመዱን ማሳገድ ይችላል። ብሪታንያ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ፓውንድ ይያዝባቸው የነበሩትን የውርርድ ቤት ማሽኖች በሚያዝያ 2019 ወደ 2 ፓውንድ አወረደች፤ በ2020 በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከለከለች። በእስራኤል የገንዘብ ሚኒስቴሩ የመንግሥት ሎተሪ ድርጅቱን ማሽኖች ከየሰፈሩ ያስነሣው በድሃ ሰፈሮች በዝተው ሕዝቡን እየጎዱ ነው በሚል ነው። ስለዚህ አይቻልም የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ሁሉም ግን ገቢ ያስቀራል፤ ስለዚህ ማንም በፈቃዱ አያደርገውም፣ መጠየቅ ይፈልጋል።

በምትኖሩበት ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ሲመጣ ስለ ሥነ ምግባር ከመከራከራችሁ በፊት ረቂቁን አንብቡና ፈቃዱ በጨረታ ነው ወይስ በሹመኛ ምርጫ የሚሰጠው ብላችሁ ጠይቁ። የአመልካቾቹ እውነተኛ ባለቤቶች ስም ለሕዝብ ይገለጻል? ፈራሚው ሹም ከሥልጣን ከወረደ ስንት ዓመት እስኪሞላው በዘርፉ መቀጠር አይችልም? ከዚያ በኋላ የማስያዣው ጣሪያ፣ የሰዓቱና የማስታወቂያው ገደብ በሕጉ ውስጥ ነው ያለው ወይስ “በመመሪያ ይወሰናል” ተብሎ ታልፏል? መመሪያ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት ይለወጣል። ረቂቁ ውስጥ ይህ ሐረግ ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ወደፊት ሊሸጥ የሚችል በር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ብሔራዊ ሎተሪ በእኛ አቆጣጠር ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አባቶቻችሁ ከአዟሪው ትኬት ገዝተው ዕጣው እስኪወጣ ቀናትና ሳምንታት ይጠብቁ ነበር። በመግዛትና በማወቅ መካከል ያለው ያ ረጅም ጊዜ ራሱ ጠባቂ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ነው። ቤቲንግ ቤት ቢታሸግ ስልኩ አይታሸግም፣ ቴሌብር ላይ ያለው ብር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓትም ይንቀሳቀሳል።

የገንዘብ ያዥ ሥራ ላላችሁ ልጆች፣ በሱቅም በባንክም በዕቁብም በዕድርም፣ አንድ ነገር በጥብቅ ልንገራችሁ። በቁማር ምክንያት የሚታሰሩ ገንዘብ ያዦች አብዛኞቹ ሌባ ለመሆን አልተነሡም። “ለነገ እመልሰዋለሁ” ብለው 2,000 ብር ይወስዳሉ። ሳይመለስ ሲቀር ዛሬ የገባውን ገቢ ትናንት እንደገባ አድርገው ይመዘግቡና ጉድለቱን ይሸፍናሉ፤ ነገ ደግሞ የነገውን ለዛሬ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ከጠረጴዛው መነሣት አይችሉም፣ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ይታወቃል። ኦዲተር ፈቃድ የማይወጣ፣ ታሞም የሚመጣ ገንዘብ ያዥ ሲያይ የሚጠራጠረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዋ 2,000 ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ለአለቃችሁ ተናገሩ። የዛሬው ቅጣት ከሥራ መባረር ሊሆን ይችላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ቁጥሩም ወንጀሉም ሌላ ነው።

ራሳችሁን ለማቆም የምትፈልጉ፣ በጽናት ብቻ አትታመኑ፤ ገንዘቡና ስልኩ እንዳይገናኙ አድርጉ። ደመወዛችሁ የሚገባበትን ሒሳብ ከስልክ ባንኪንግ አስለዩ፤ ባንክ ሄዳችሁ በቀን ማስተላለፍ የሚቻለውን መጠን ለአስቤዛ በሚበቃ ልክ ዝቅ አስደርጉ። የተረፈውን ከእናት ወይም ከትዳር አጋር ጋር በሁለት ፊርማ ብቻ በሚወጣ ሒሳብ አስቀምጡ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ራስን ማሳገጃ መዝገብ ላይ ተመዝገቡ፤ በብሪታንያ ጋምስቶፕ በሚባለው አንዴ ስትመዘገቡ ፈቃድ ያላቸውን የኢንተርኔት ቁማር ድርጅቶች ሁሉ ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት ይዘጋባችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ አያሳፍራችሁ፤ ይህ የታወቀ ሕመም ነው። እንቅልፍ ከጠፋና “ብሞት ይሻላል” የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ወንድማችሁ ወይም ባለቤታችሁ ዕዳ እንዳለበት ሲናገር አትጩሁ፤ ለመናገር ስንት ሌሊት እንደፈጀበት አታውቁም። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በአራጣ ነው ወይስ በዝምድና፣ ምን ተይዟል፤ የእናት ወርቅም ካለ ይጻፍ። መክፈል ከቻላችሁ ለአበዳሪው በቀጥታ ክፈሉና ፊርማ ተቀበሉ እንጂ ገንዘቡን በእጁ አትስጡት፤ ማካካስ የለመደ እጅ በዚያው ገንዘብ ሁሉንም በአንድ ምሽት ለማስመለስ ይሞክራል። በአራጣ የተወሰደውን አስቀድሙ፣ የዘመዱ ይቆያል። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን አጥፋችሁ አስቀምጡና በሳምንቱ በዚያው ሰዓት እንደገና አብራችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚጻፈው ዝርዝር ሙሉ ሆኖ አያውቅም፤ ትልቁ ዕዳ፣ በጣም ያፈረበት፣ የሚወጣው በሁለተኛው ቀን ነው።